ፊውዙ በኪሱ ነበር

ሟቹ የተገኘው በገዛ ቤቱ ታችኛው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር ተዘርሮ ነው። ቀኝ እጁ ፒንሳ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከበላዩ፣ ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ፣ ጫፋቸው የተላጠ ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። የእጅ ባትሪው አንድ ጥግ ወድቆ ግድግዳውን ያበራል። በሱሪው ቀኝ ኪስ ውስጥ ደግሞ የቤቱ ዋና ፊውዝ ነበር፤ ጠርዙ ከዕድሜ ብዛት የተሸራረፈ ነጭ ሸክላ።

ቤተሰቡን ከሞቱ እኩል ያስደነገጠው ይህ ፊውዝ ነው። ሰውየው በጉብዝናው ዘመን የፋብሪካ ፎርማን ስለነበር ሰፈሩ ጡረታ ከወጣም በኋላ «ፎርማኑ» ይለዋል። ፎርማኑ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ሊጠግን ሲነሳ ማንንም ሳያማክር ፊውዙን ከቆጣሪው ሥር ይነቅልና ኪሱ ይከተዋል። ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ንጉሥ ቢመጣ መብራት አያገኝም። እናም ፊውዙ ኪሱ ከገባ በቤቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ነው። ታዲያ ሰውየውን ምን ገደለው?

ለሰፈሩ መልሱ አልቸገረም። በዚያው ዕለት ጠዋት የቤቱ አሮጌ ቆጣሪ ተነቅሎ በምትኩ ስማርት የሚሉት አዲስ ቆጣሪ ተገጥሟል። «ራሱ ያስባል ይሉ የለ? ይኸው አስቦ ገደለው» አለ አንዱ ጎረቤት፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ። ሌላው፣ ከሩቅ ቢሮ ሆነው ያለ ፊውዝ መብራት እንደሚልኩ ከታመነ ሰው ሰምቻለሁ አለ። ቆጣሪውን የገጠመው ባለሙያ ሌላ ሰው ቤት ሥራ ላይ እንዳለ ተይዞ መጣ። ቢሮውም ጊዜ አላጠፋም፤ ገና ቃሉን ሳይሰጥ በስልክ ከሥራ አገደው።

ምርመራው የተሰጠው ለአንዲት ጠይም፣ ቀጭን፣ ለመቀመጥም ለመነሳትም ለማትቸኩል ሴት ነው። የሥራ ባልደረቦቿ «ድገሙልኝ» ብለው ይጠሯታል። ሰው ነግሯት ሲጨርስ «እስቲ ድገሙልኝ» ካላለች አይሆንላትም። የመጀመሪያውን ለጆሮዬ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ነው የምትል ሴት ናት። ብዙ ውሸታም ሁለተኛው ላይ ተደናቅፎባታል።

ድገሙልኝ ሬሳውን አይታ ከዕቃ ቤቱ ስትወጣ መተላለፊያው ላይ ቆመች። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። የፊት ለፊቱን ክፍል አንድ ልብስ ሰፊ ተከራይቶታል። ከኋላ ወጥ ቤቱ አለ። አዲሱ ቆጣሪ መሃል መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለሙያውም ከሥሩ፣ ከሚጠብቀው ሳጅን ጎን፣ ከንፈሩ ደርቆ ቆሟል።

«ልጆች አሉኝ» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«ስለ ልጆችህ በኋላ። መጀመሪያ ስለዚህ ነገር አስረዳኝ።»

«ይህ እጀታ ወደ ታች ሲወርድ የቤቱ መብራት በሙሉ ይጠፋል። ወደ ላይ ሲመልሱት ግን ወዲያው አይመጣም። ቆጣሪው ቀይ ያበራና ይጠብቃል። በጎኑ ያለችውን ይህችን ቁልፍ ተጭነው ቀዩ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ መያዝ አለብዎት። ቶሎ ከለቀቋት ተመልሶ ቀይ ነው።»

«ድገምልኝ።»

ደገመላት። ድምፁ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተላለፊያውን የሚሞላ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ልብስ ሰፊው በሩን ገርበብ አድርጎ አየ።

«ከቢሮ ሆነው ማብራት አይችሉም?»

«ማጥፋት ይችላሉ። ለማብራት ግን እዚህ የቆመ ሰው ጣት ያስፈልጋል። እንዲህ የተሠራውም ሽቦ የያዘ ሰው እንዳይሞት ተብሎ ነው።» ይህን እንዳለ የተናገረው ነገር ለራሱም ተሰማውና አፉን በእጁ ያዘ።

«ፊውዙስ?»

«ከአሮጌው ቆጣሪ ጋር ነቀልኩት። አዲሱ ፊውዝ የለውም፣ በእጀታው ነው የሚሠራው። ልጥለው ስል ሰውየው 'አምጣ' አለኝና ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ልማድ መሆኑን አላወቅኩም።»

«አበራሩን ለማን አሳየህ?»

«ለእሱ ብቻ። 'ለሌላ ሰው አያስፈልግም፤ በዚህ ቤት መብራት የምነካ እኔ ነኝ' አለኝ። ግን ድምፄ ትንሽ ከፍ ይላል።»

«ትንሽ እንኳ አይደለም» አለች ድገሙልኝ። «ቆጣሪው እንዲቀየር የጠየቀውስ ማነው?»

«ሴት ናት። ከመምጣቴ በፊት ደውዬ አነጋግሬያታለሁ፤ የሰጠችው የዚህ ቤት ስልክ ነበር። አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችኝ። 'አዲሱ ቆጣሪ የሚነቀል ነገር አለው ወይ? ኪስ የሚገባ ነገር?' አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።»

ድገሙልኝ ሳጅኑን አየችው። በዚያ ቤት፣ ፎቁ ላይ ከተኛች አንዲት ታማሚ አሮጊት በቀር፣ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

መጀመሪያ የገባችው ግን ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊው አጠር ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ወንበር አቀረበላትና እሱ ቆሞ ቀረ።

«ልደብቅዎት አልፈልግም» አለ። «ጠልቼዋለሁ። ሰው የሞተ ዕለት እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ግን ከእኔ ካልሰሙት ከጎረቤት ይሰሙታል። የስፌት መኪናዬ ድምፅ በረበሸው ቁጥር የሚጠገን ነገር ያገኛል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ፊውዜን ይዞብኝ ይወርዳል። ፊውዜን አልኩ? ፊውዙን።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እንደ ልማዱ አጠፋው። እኔም የጀመርኩትን የኮት እጅጌ ይዤ ደጃፌ ላይ ወጣሁ፤ በእጄ እየሰፋሁ ጩኸት ሰማሁ። ሮጥኩ። በቃ።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ሲደግምላት እሷ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ታሸት ነበር። ተነሳችና ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ልብሶች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። ልብስ ሰፊው ላብ ላብ አለው። ከክምሩ ሥር አንድ አመድማ ኮት ወጣ፤ ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ጥቁር ቃጠሎ አርፎበታል።

«ይህ ምንድነው?»

«ውርደቴ ነው» አለ፤ በመጨረሻ ተቀመጠ። «መብራቱ ሲጠፋ ካውያው ኮቱ ላይ ነበር። ከጠፋ ምን ያደርጋል ብዬ እንዳለ ትቼው ወጣሁ። መምጣቱን አላወቅኩም። ከሬሳው ተመልሼ ስገባ ክፍሉ ጭስ ብቻ። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ልብስ አቃጥዬ አላውቅም። ሰው ሞቶ ስለ ኮት ማውራት ደግሞ ከበደኝ።»

«ሌላ የደበቁኝ ነገር አለ?»

ልብስ ሰፊው ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ በሰው ነገር አልገባም። ግን ምራቱ ባለፈው ሳምንት 'አንድ ቀን ይህን ፊውዝ አጎርሰዋለሁ' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» በሰው ነገር የማይገቡ ሰዎች መርማሪን እንደሚጠቅሙ ድገሙልኝ ከብዙ ልምድ ታውቃለች። አመስግናው ወጣች።

የፎርማኑ ልጅ ሥራው ሌላ ከተማ ነው፤ ሚስቱ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ድገሙልኝ ወጥ ቤት ስትገባ ምራቲቱ ሳህን ታጥባለች፤ ግን በአንድ እጇ። ሌላውን ከሽርጧ ሥር አድርጋዋለች።

«ፊውዝ አጎርሰዋለሁ ብለሻል?»

«ብያለሁ!» አለች ምራቲቱ ዞር ብላ፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ምላሷ ግን ደህና ነበር። «ሃያ ጊዜ ብያለሁ። እሱም ሰምቶ ይስቅ ነበር። ማታ ማታ እግሩን በሙቅ ውሃ የማጥበው ማን ሆነና? እንኳን አባባን ልገድል፣ ሲያስለው ልቤ ይደነግጣል። ልብስ ሰፊው ነው አይደል የነገረዎት? እሱ ጆሮውን ከበሩ ላይ ቢያነሳ ሁለት ኮት በቀን ይጨርስ ነበር።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ምራቲቱ እጇን ከሽርጧ ሥር አወጣች። ሁለት ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጨርቁ ላይ ደም ደርቋል።

«ቲማቲም እየፈጨሁ መብራቱ ጠፋ። ብሌንደሩ ሥር የተጣበቀውን በጣቴ ልጠርግ እጄን ሰደድኩ። በዚያው ቅጽበት መጣ!» የተጠቀለሉትን ጣቶቿን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እኔ እዚህ ጮህኩ፤ እሱ እዚያ ጮኸ። የማን ጩኸት እንደቀደመ እስካሁን አላውቅም።»

«ለምን ደበቅሽው?»

«ሰው ሞቶ በጣቴ ላልቅስ? ደግሞ እጄ ላይ ደም ያየ ፖሊስ ምን ሊል ነው ብዬ ፈራሁ።»

ድገሙልኝ ብሌንደሩን አንስታ አየችው። ቢላው ሥር፣ ቲማቲሙ ከደረቀበት፣ ከቲማቲም የጠቆረ ነገር አለ። ግድግዳው ላይም ቀይ ፍንጥርጣሪ ነበር፤ ምራቲቱ ጠርጋ ጠርጋ ያልጨረሰችው።

«ቆጣሪው ይቀየር ብለሽ የደወልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ቢታየኝማ ከብዙ ጊዜ በፊት እደውል ነበር።»

ፎቁ ላይ፣ ከደረጃው ራስ፣ የፎርማኑ እህት ትተኛለች። ሳንባዋ ከደከመ ቆይቷል፤ አየር የምታገኘው ግድግዳው ላይ ከተሰካ ኦክስጅን ሰጪ ማሽን ነው። ማሽኑ ያለማቋረጥ ይተነፍሳል፣ እሷም አብራው። ልጇ፣ የፎርማኑ የእህት ልጅ፣ ድሮ አስተማሪ ነበረች። እናቷ ስትወድቅ ሥራውን ትታ አልጋዋ ሥር ተቀመጠች። ክፍሉ ንጹሕ፣ አንሶላው የተወጠረ፣ መድኃኒቱ በየረድፉ የተደረደረ ነው። ድገሙልኝ እንዲህ ዓይነት ክፍል ስታይ ታከብራለች፤ ደግሞም ትጠነቀቃለች።

«ይቀመጡ» አለቻት የእህት ልጅ በለስላሳ ድምፅ። «ስለ አጎቴ መጠየቅዎ ነው። የምጠቅምዎት ነገር ካለ ደስ ይለኛል።»

«መብራቱ ሲጠፋ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይጮሃል፤ እማዬም ትጨነቃለች። ወዲያው ይህን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፈትኩና ማስኩን አዞርኩላት። ታች ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳሁም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

የእህት ልጅ ደገመች፤ ቃል በቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ድገሙልኝ እየሰማች ከአልጋው ራስጌ የቆመውን ሲሊንደር ተደገፈች። አፉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተጠምጥሞበታል፤ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ዳበሰችው። የትም ቦታ አልተቀደደም።

«ሌላ ሲሊንደር አላችሁ?»

«ያለን ይህ ብቻ ነው።»

«ቆጣሪው እንዲቀየር አንቺ ነሽ የደወልሽው?»

«እኔ ከዚህ ክፍል መች እወጣለሁ?» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

ድገሙልኝ ወደ ታማሚዋ ጎንበስ አለች። «እርስዎስ እናቴ፣ ምን ሰሙ?»

አሮጊቷ አየቻት። የሆነ ነገር ልትናገር ያለች መሰለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ከዓይኗ ጥግ እንባ ወርዶ ማስኩ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ብዙ እንድትናገር ሐኪም አልፈቀደም» አለች ልጇ፤ እንባውን ቶሎ ጠረገችው።

ድገሙልኝ ወርዳ መተላለፊያው ላይ ቆጣሪው ፊት ቆመች፤ አውራ ጣቷን ቁልፏ ላይ አሳርፋ አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረች። እንዲያ ሆና ጥቂት ቆየችና ሳጅኑን ወደ ጎን ወስዳ «ለነገ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ከነሲሊንደሯ ፈልግልኝ» አለችው። ሳጅኑ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ብትጠየቅም እንደማትነግረው ያውቃል።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳሎኑ በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይከፈታል። ልብስ ሰፊው ጥግ ይዟል። ምራቲቱ ከሱ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ባለሙያው በዚያ አንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል። የእህት ልጅ መጨረሻ ወረደች፤ «ነርሷ አጠገቧ ናት፣ ትንሽ ብቻ ነው» ብለው አግባብተዋት ነበር። ቢሆንም ለደረጃው ቅርብ የሆነውን ወንበር መረጠች።

«ከቆጣሪው ልጀምር» አለች ድገሙልኝ ቆማ። «ሰፈሩ በሙሉ ገዳዩ እሱ ነው ብሏል። ይህ ባለሙያም በዚህ የተነሳ ታስሯል። ፎርማኑ ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ነው ብሎ ተማምኖ መሰላሉን የወጣ የመሰላችሁ እንደሆን ተሳስታችኋል። ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ እጀታውን ወደ ታች አውርዶ ነው የሄደው። መብራቱ መጥፋቱን ሁላችሁም ነግራችሁኛል። ኪሱ የገባው አሮጌ ልማዱ ብቻ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ድሮ ፊውዙን ይዞት ስለሚሄድ ማንም መልሶ ሊያበራበት አይችልም ነበር። ትናንት ግን ይዞት የሚሄድ ነገር አልነበረውም። ይህን አላሰበውም፤ ከዚያ በፊት ቤቱን ሲያጨልም ማንንም አስጠንቅቆ አያውቅማ።»

«እና በራሱ በራ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«በራሱ አይበራም። ከቢሮም አይበራም። እጀታውን የሚያነሳ እጅ፣ ቁልፏን ተጭኖ የሚይዝ ጣት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ አብርቶታል። ያ ሰው ደግሞ አበራሩን ያውቃል። ባለሙያው ያሳየው ለሟቹ ብቻ ነው፤ ግን እሱ ሲያሳይ በዚህ ቤት ውስጥ ለመስማት ማዳመጥ አያስፈልግም።»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ።

«ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነክሶበት ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የደንበኛ ኮት ላይ ካውያ ያስቀመጠ ልብስ ሰፊ፣ መብራቱን ራሱ ቢያመጣው የመጀመሪያ ሥራው ወደ ካውያው መሮጥ ነው። እሱ ግን ኮቱ እስኪቃጠል አላወቀም። መብራቱን ያመጣው እሱ አይደለም።»

«ኮት አቃጠለ?» አለች ምራቲቱ፣ ሐዘኗን ለአፍታ ረስታ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ መጥረግ ያዘ።

«አንቺም ብትሆኝ» ቀጠለች ድገሙልኝ፣ «ፊውዝ አጎርሰዋለሁ ብለሽ ዝተሻል፤ እጅሽንም ደብቀሽኛል። ግን ጣቶቿ ብሌንደር ውስጥ ያሉ ሴት በዚያው ቅጽበት መተላለፊያው ላይ ቁልፍ ተጭና አትይዝም። ሁለታችሁንም ነፃ ያወጣችሁ የደበቃችሁኝ ነገር ነው። ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ሌሊቱን እንቅልፍ ታገኙ ነበር።»

ምራቲቱ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዓይኗ ደረጃው አጠገብ ወደተቀመጠችው ሄደ። የሌሎቹም ተከተለ።

«አንዲት ሴት ከዚህ ቤት ስልክ 'ኪስ የሚገባ ነገር አለው ወይ' ብላ ጠይቃለች» አለች ድገሙልኝ። «ኮት ለሚሰፋና ቲማቲም ለሚፈጭ ሰው የመብራት መጥፋት ብስጭት ነው። ለአንድ ሰው ግን የእናት ትንፋሽ ነው። ሲሊንደሩን ከፍቼ ነበር አልሽኝ፣ ሁለት ጊዜ። ሲሊንደሩ እንደታሸገ ነው። እናትሽ ያለ ማሽኑ ብዙ አይቆዩም፤ ማሽኑም ያለ መብራት አይሠራም። ታዲያ በምን ተነፈሱ? መብራቱ ወዲያው ስለተመለሰ ነው። ይህን ለመደበቅ የሲሊንደሩን ወሬ አመጣሽልኝ።»

የእህት ልጅ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። «ደንግጬ ነበር» አለች። «ሌላ ቀን የሆነውን ከትናንቱ ቀላቅዬ ይሆናል። ግን ያንን ቆጣሪ ቀርቤም አላየሁት። እንዴት እንደሚበራ አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም። እማዬ ትሙት!»

ድገሙልኝ ሳጅኑን በዓይኗ ጠቀሰችው። መተላለፊያው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የሳሎኑ አምፖል ጠፋ። ከዚያ ከፎቁ ላይ የማሽኑ ጩኸት መጣ፤ ስለታም፣ የማያቋርጥ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት።

ወንበሩ ሲወድቅ ነው የሰሙት። የእህት ልጅ በሳጅኑ ክንድ ሥር አልፋ ቆጣሪው ዘንድ ደርሳለች። እጀታውን አነሳች። ቀዩን ሳታይ፣ ጎኑን ሳትፈልግ፣ አውራ ጣቷ በቀጥታ ቁልፏ ላይ አረፈና ያዘ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ፤ ሳሎኑ በራ፤ ላይ ጩኸቱ ቆመ። እሷ ግን ጣቷን ወዲያው አላነሳችም።

«እናትሽ ምንም አልሆኑም» አለቻት ድገሙልኝ ከኋላዋ። «ነርሷ ሲሊንደር ከፍታ ነው የጠበቀችው። እንዲህ ማድረጌን ግን አልወደድኩትም።»

የእህት ልጅ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«አሁን ወደ ቀኝ ዙሪ።»

ዞረች። የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፏን ይዞ ለቆመ ሰው ደረጃው እስከ ታች ይታያል፤ ከሥሩ የብረት መሰላሉ እግር።

«ትናንትም ተከፍቶ ነበር» አለች ድገሙልኝ። «የቆምሽውም እዚሁ ነው። ምን አየሽ?»

«እግሮቹን። የባትሪውንም ብርሃን።» ድምፏ የመጀመሪያው ለስላሳ ድምፅ አልነበረም። «ጠዋት ደረጃው ላይ ሆኜ ባለሙያው ሲያሳየው ሰምቻለሁ። በልቤ እልል አልኩ። ከእንግዲህ ኪሱ የሚከተው የለም፣ እማዬ ዳነች አልኩ። ፀሐዩ ገና ሳይበረታ ማሽኑ ጮኸ። እንደገና! አንዴ እንኳ ከደረጃው ሥር ሆኖ 'ላጠፋ ነው' ቢለኝ ምን ነበረበት? ባለፈው ከንፈሯ ሲጠቁር ለምኜዋለሁ፣ ጉልበቱን ይዣለሁ። 'ሲሊንደር አላት' ነው ያለኝ።»

«ለምን አልከፈትሽውም ታዲያ?»

«ከከፈትኩት ነገም ያጠፋል። ከነገ ወዲያም።»

«'ጋሼ ውረድ' ብለሽ ብትጣሪ ይሰማሽ ነበር።»

«ስንት ዓመት ጠራሁት» አለች የእህት ልጅ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ ለመርማሪዋ ሳይሆን ለራሷ መልስ የምትሰጥ ይመስል። «አዎ፣ ይሰማኝ ነበር። አፌን ማንም አልያዘኝም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ምራቲቱ በተጠቀለለው እጇ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች። ባለሙያው ከተቀመጠበት ተነስቶ ነበር፤ የሚሄድበትን ግን አላወቀም። የእህት ልጅ አየችው።

«አንተን ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ» አለችው። «ጠዋት እናገራለሁ እልና፣ እኔ ከሄድኩ እማዬን ማን ያገላብጣታል እላለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም። ፊት የለኝም።»

ሳጅኑ የባለሙያውን ትከሻ ነካ አድርጎ «ወደ ቤትህ» ሲለው ነው እግሩ የተንቀሳቀሰው።

«እኔ አገላብጣታለሁ» አለች ምራቲቱ በድንገት። ቁጣም ሐዘንም ነበረበት አነጋገሯ። «አባባን ገድለሽብኛል፤ አልምርሽም። ግን እሷን እኔ አገላብጣታለሁ።»

የእህት ልጅ እናቷን ልሰናበት ብላ ለመነች። ድገሙልኝ ፈቀደችላት፤ ራሷም ተከትላ በሩ ላይ ቆመች። የእህት ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግራ ገብቷት የአንሶላውን ጠርዝ ታስተካክላለች። አሮጊቷ ግን እጇን አነሳችና ማስኩን ራሷ ከአፏ አወረደችው።

«እማዬ፣ ተዪ!»

«ወንድሜ ሲጮህ ሰማሁት» አለች አሮጊቷ፤ በየቃሉ መሃል አየር እየፈለገች። «ሲጮህ... ትንፋሼ ተመለሰልኝ። ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ለዚች ሴት እንዳልነግራት ዓይኔን ጨፈንኩ።»

ልጇ እናቷ እጅ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እንባዋን ከፎርማኑ ሞት ወዲህ ያየው የለም። አሮጊቷ ጸጉሯን ደባበሰችው። ልትናገር የፈለገችው ሌላም ነገር ነበር፤ አየሩ ግን አልበቃትም። ልጇ ቀና አለችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«በቃ አሁን አታውሪ» አለቻት። ማስኩን አፏ ላይ መለሰችላት፤ ላስቲኩን ከጆሮዋ ኋላ አስተካክላ፣ ትንፋሿ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ ከመርማሪዋ ቀድማ ደረጃውን ወረደች።